ቀለሙን የሚገጣጥመው ማነው? የህንድ ፊደላትና የተርሚናል መስኮት

«ሂንዲ» የሚለውን ቃል ህንዶች በሚጽፉበት በዴቫናጋሪ ፊደል ከአንድ ድረ ገጽ ቅዱና አንድ ያረጀ የሊኑክስ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ለጥፉት። ድረ ገጹ ላይ ቃሉ ከላዩ በአንድ አግዳሚ መስመር ተያይዞ፣ ፊደላቱ ተቃቅፈው ይታይ ነበር። ተርሚናሉ ላይ ያ መልክ ይፈርሳል። የመጀመሪያዋ ተነባቢ ብቻዋን ትቀራለች። የእሷ የአናባቢ ምልክት በስተግራዋ መቆም ሲገባው በስተቀኟ ይመጣና ብዙ ጊዜ በነጠብጣብ በተሠራ ባዶ ክብ ላይ ይንጠለጠላል። ከቀጣይዋ ጋር ተጣብቃ ግማሽ መሆን የነበረባት «ነ» ከእግሯ ሥር ጭረት ይዛ ሙሉዋን ትቆማለች። ማጥፊያውን ስትጫኑ ደግሞ ጠቋሚው ከቃሉ ጋር መሄዱን ይተዋል፤ የጠፋው ፊደል ስክሪኑ ላይ ይቀራል፣ ያልጠፋው ይሸፈናል።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ፎንት ጫን» የሚል ነው። ፎንት ከሌለ የሚታየው ባዶ ሳጥን ስለሆነ ምክሩ ከንቱ አይባልም። እዚህ ምሳሌ ላይ ግን ፎንቱ ተጭኗል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ተስሎ ወጥቷል። የጠፋው ቁራጮቹን የሚያገጣጥመው አካል ነው። ሁለተኛ ፎንት፣ ሦስተኛ ፎንት ቢጨመር ይህን አይፈታውም። ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ፎንት ሲቀያይሩ የሚያድሩት ችግሩን በማይገኝበት ቦታ ስለሚፈልጉት ነው።

ተርሚናል ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ብቻ የሚጻፍበት መስኮት ስለነበረ ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ጣጣ መስሎ ቆይቷል። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተርሚናል ውስጥ የሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች በፕሮግራመሮች ዘንድ ተስፋፍተዋል፤ ሰው ለእነሱ የሚጽፈው ትእዛዝ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጻፍ ይፈልጋል። በሂንዲ፣ በታሚል፣ በማላያላም የተጻፈ የፋይል ስም፣ የስህተት መዝገብ፣ የደንበኛ ስም ተርሚናል ላይ ይመጣል። በአማርኛም እንዲሁ።

እኔ አማርኛ ጸሐፊ ሆኜ ስለ ህንድ ፊደል ተርሚናል የምጽፍበት ምክንያት ከዚህም ይጠልቃል። የሥነ ልሳን ምሁሩ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ለእንዲህ ዓይነቱ አጻጻፍ ስም ሲያወጣ የወሰደው ከእኛው ነው፤ «አቡጊዳ»። ተነባቢው የራሱን አናባቢ ይዞ የሚወለድበት፣ ሌላው አናባቢ ሲመጣ ቅርጹ የሚለወጥበት ሥርዓት ማለት ነው። ዴቫናጋሪ፣ ቤንጋሊ፣ ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ማላያላም ሁሉ በዓለም የትምህርት ቋንቋ አቡጊዳ ይባላሉ። ሆኖም ሁለቱ ዘመዳሞች ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ በተለያየ በር ነው የገቡት፤ ዛሬ ተርሚናል ላይ የምናየው ልዩነት ከዚያ ይጀምራል።

የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ኮድ የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ 345 ቁምፊዎች ይዞ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ አላቸው። «ሉ» በኮምፒውተሩ ዓይን «ለ» ላይ ምልክት የተጨመረባት አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ናት። ዴቫናጋሪ ግን የተቀመጠው በቁርጥራጭ ነው። ህንድ ቀድሞ ባወጣችው ኢስኪ በተባለው ደረጃ መሠረት ተነባቢው አንድ ኮድ ነው፣ የአናባቢው ምልክት ሌላ ኮድ ነው፣ አናባቢ አልባ ማድረጊያው ሦስተኛ ኮድ ነው። ይህ ሦስተኛው «ሃላንት» ይባላል። ሥራውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ የግዕዙን ቤት ወደ ሳድስ ያወርዳል። «ነ» ነበረች፣ ሃላንት ሲከተላት «ን» ትሆናለች። ከኋላዋ ሌላ ተነባቢ ከመጣ ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው አዲስ ቅርጽ ይሠራሉ።

«ሂንዲ»ን በእኛ ፊደል ስንጽፈው 3 ፊደል፣ 3 ኮድ፣ 9 ባይት ነው። በዴቫናጋሪ ግን 6 ኮድና 18 ባይት ነው፦ ሀ፣ የአጭሩ ኢ ምልክት፣ ነ፣ ሃላንት፣ ደ፣ የረጅሙ ኢ ምልክት። ሲሳል የአጭሩ ኢ ምልክት ከ«ሀ» በስተግራ ይዞራል፤ ማለትም የሚነበብበትና የሚታይበት ቅደም ተከተል ይለያያል። «ነ» ቋሚ እግሯን ጥላ ከ«ደ» ጋር ትጣበቃለች። እነዚህ 6 ቁርጥራጮች ወደ ቃል የሚለወጡት ጽሑፉ በታየ ቁጥር ነው፤ ዛሬም፣ ነገም፣ በእያንዳንዱ ስክሪን፣ በእያንዳንዱ ፕሮግራም።

የነገሩ እምብርት ለእኔ ይኸው ነው። በሁለቱም አጻጻፍ ቀለም፣ ማለትም አንዱ ሙሉ ፊደል፣ ከተነባቢና ከአናባቢ መገጣጠም አለበት፤ ይህን ሥራ ማንም አያመልጠውም። እኛ የምናገጣጥመው ኪቦርዱ ላይ ነው፤ «ለ»ን ከአናባቢዋ ጋር ስንመታ «ሉ» ተወልዳ ያለቀላት ሆና ትቀመጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንደገና አይሠራትም። ህንዶች የሚያገጣጥሙት ስክሪኑ ላይ ነው። ስለዚህ በተርሚናል ውስጥ የህንድ ፊደል ለመጻፍ ይቀላል፣ ለማሳየት ይከብዳል። የእኛ ግልባጩ ነው፤ ለማሳየት ይቀላል፣ ለመጻፍ ያስቸግራል።

ስክሪኑ ላይ መገጣጠም በአሳሽ ውስጥ ችግር አይደለም። ሃርፍባዝ የተባለ ነጻ የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ፋየርፎክስም፣ ክሮምም፣ አንድሮይድም፣ ሊብረኦፊስም የሚጠቀሙት እሱን ነው። የኮድ ሰልፍ ይሰጡታል፤ እሱ የፎንቱን ሕግ አንብቦ የትኛው ቅርጽ የት እንደሚሳል፣ ስንት እንደሚሰፋ ይመልሳል። የቃሉ ስፋት 37 ነጥብ ከሆነ 37 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ ቃል ከዚያ ይጀምራል። ተርሚናል ግን ስፋትን በነጥብ አይለካም። በሳጥን ነው የሚለካው።

ሳጥኑ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ነው። የኮምፒውተር ተርሚናል መጀመሪያ በወረቀት ላይ የሚመታ ቴሌታይፕ ነበር፤ የመኪናው ጋሪ በአንድ ምት አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ለቀጭኗም ለወፍራሟም ፊደል ያው እርምጃ ነው። የ80 ዓምድ ስፋት ደግሞ ከአይቢኤም የ1928 ቀዳዳ ካርድ የወረደ ልማድ ነው። በ1978 የወጣው የዲኢሲ ኩባንያ ቪቲ100 ተርሚናል 80 ዓምድ በ24 መስመር ነበረው፤ ዛሬ የምንከፍታቸው መስኮቶች ኢሙሌተር የሚባሉትም ያንን ዓይነት መሣሪያ አስመስለው ስለሚሠሩ ነው። ከለር ጨምረዋል፣ ትር ጨምረዋል፣ ከሥር ያለው ሰንጠረዥ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ከ200 በላይ ቅርጽ ያለውን ፊደል በጥቂት ደርዘን ቁልፎች እንዴት ማስገባት ይቻላል? በአገራችን ለዘመናት ያገለገሉት የአማርኛ መኪኖች የመለሱት በቁርጥራጭ ነው፤ የፊደሉን ግንድ ምታ፣ የአናባቢውን ቅጥያ ደግሞ እላዩ ላይ ጨምርበት። በድሮ የመዝገብ ቤት ደብዳቤ ላይ እግሯ ከግንዷ ትንሽ ፈንጠር ያለች «ሉ»ን ያየ ሰው የህንዶችን ችግር በዓይኑ አይቶታል። ቁርጥራጭንና ቋሚ እርምጃን አንድ ላይ ማስታረቅ ያኔም ያስቸግር ነበር። ዩኒኮድ ለእኛ ቀለሙን ሙሉ አድርጎ ሲያስቀምጥልን ከዚያ ጣጣ ወጣን፤ ህንዶች ግን እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ፤ ክፉው ነገር ያለው እዚያ ነው። በተርሚናል ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ሼሉ (የምንጽፈውን ትእዛዝ የሚቀበለው) ወይም ቪም (የጽሑፍ ማረሚያው)፣ የስክሪኑን መልክ አያይም። «ይህ ቃል ስንት ሳጥን ይዟል?» ብሎ በራሱ ይቆጥርና ጠቋሚውን እዚያ ያዛል። ተርሚናሉ በበኩሉ ለብቻው ይቆጥራል። ሁለቱ የማይነጋገሩ ቆጣሪዎች ናቸው። ቁጥራቸው ከገጠመ ሁሉም ሰላም ነው። ካልገጠመ ጠቋሚው ይስታል፣ መስመሩ ይንሸራተታል፣ የጠፋው ፊደል ጥላው ይቀራል።

ለላቲን ፊደል መቁጠር አያከራክርም፤ አንድ ኮድ አንድ ሳጥን። ለቻይንኛ ሁለት ሳጥን ተባለ፣ ተስማሙበት። ለህንድ ፊደል ስምምነት የለም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርከስ ኩን በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጻፈውና ብዙ ፕሮግራሞች የቀዱት አጭር የስፋት መቁጠሪያ «ሂንዲ»ን 5 ሳጥን ይላታል፤ ሃላንትን ዜሮ አድርጎ የአናባቢ ምልክቶቹን ግን አንድ አንድ ስለሚቆጥር። በፓይተን ፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደው የዚሁ ዓይነት መቁጠሪያ በ2023 ባወጣው 0.2.9 እትም ከተነባቢው ጋር የሚሄዱትን ምልክቶች ሁሉ ዜሮ አደረጋቸው፤ በዚያ ስሌት 3 ይሆናል። በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው ዩኒኮድ 15.1 ደግሞ የቀለም አከፋፈል ሕጉን ለወጠ፤ በሃላንት የተሳሰሩ ተነባቢዎች ለዴቫናጋሪ፣ ለቤንጋሊ፣ ለጉጃራቲ፣ ለኦሪያ፣ ለቴሉጉና ለማላያላም ከእንግዲህ አንድ ቀለም ናቸው አለ። በዚህ ስሌት ቃሉ 2 ቀለም ነው፤ ቀድሞ 3 ነበር። አንድ ቃል፣ 5 የሚል፣ 3 የሚል፣ 2 የሚል። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ጥፋቱ የሚመጣው ሼሉ በአንዱ፣ ተርሚናሉ በሌላው ሲቆጥር ነው።

በርቀት ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። ዱባይ ተቀምጦ ከህንድ ባልደረቦቹ ጋር ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ማሽን መግቢያው) ሲገባ፣ የሚቆጥረው ሼል ፍራንክፈርት ነው፣ የሚስለው ተርሚናል ዱባይ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሊኑክስ የ5 ዓመት ዕድሜ ካለው የሚቆጥረው ከ5 ዓመት በፊት በነበረው ሕግ ነው። መሐል ላይ ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍለው ፕሮግራም) ካለ እሱም ሦስተኛ ቆጣሪ ሆኖ ይገባል። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያስተካከላችሁት ሁሉ ወደ ሌላ ማሽን ስትገቡ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ተርሚናሎቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። ኤክስተርምና አላክሪቲ ፊደልን የሚገጣጥም ሞተር አይጠሩም፤ ኮዱን በየሳጥኑ ይስላሉ፣ በቃ። ጂኖም ተርሚናልና በቪቲኢ ሞተር ላይ የቆሙት ዘመዶቹ ምልክትን ከተነባቢው ጋር ለማጣመር ይሞክራሉ፤ ነገር ግን የሚስሉት ሳጥን በሳጥን ስለሆነ በሁለት ሳጥን የተቀመጡ ተነባቢዎች እርስ በርስ አይተያዩም፣ ስለዚህ አይጣበቁም። ኪቲና ዌዝተርም ሃርፍባዝን ይጠራሉ፤ የተገጣጠመውን ቅርጽ ግን መልሰው ሰንጠረዡ ውስጥ ማስገባት አለባቸው፤ ቅርጹ ሲጠብ ክፍተት ይተዋል፣ ሲሰፋ ይጨመቃል ወይም ይቆረጣል። ማይክሮሶፍት በ2024 ለሙከራ ባወጣው የዊንዶውስ ተርሚናል 1.22 እትም ፊደልን በኮድ መቁጠር ትቶ በቀለም መቁጠር ጀመረ። ታሚል ተጣባቂ ተነባቢ ብዙ ስለሌለው ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል፤ እሱም ቢሆን «ኦ»ን የሚያመለክተው ምልክት አንድ ኮድ ሆኖ ተነባቢውን ከግራም ከቀኝም የሚያቅፍ ስለሆነ በሳጥን ለሚያስብ ተርሚናል እንቆቅልሽ ነው።

ከሁሉ ደፋሩ ኤምኤልተርም ነው። ስሙ እንደሚለው ለብዙ ቋንቋ የተሠራ ተርሚናል ሲሆን የድሮውን ኢስኪም ዩኒኮዱንም ያነባል፤ ሲፈቀድለትም ሰንጠረዡን ትቶ ለእያንዳንዱ ፊደል የተፈጥሮ ስፋቱን ይሰጠዋል። የሂንዲ ጽሑፍ ዓይን ሳይጎረብጠው ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ትልቁ እፎይታ ይህ ነው። ዋጋው ግን አለ፤ ሙሉ ስክሪን የሚይዙ ፕሮግራሞች፣ በዓምድ የሚደረደሩ ሠንጠረዦች ይዛነፋሉ። የዚህ ፕሮግራም ባለቤቶች «ንባብ ይቅደም» ብለው መርጠዋል፤ ሌሎቹ «ሰንጠረዥ ይቅደም» ብለዋል። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ያሟላ እስካሁን አላየሁም።

ግራፊክስ ጨርሶ ወደሌለበት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደሚታየው ጥቁር የሊኑክስ ኮንሶል ስንሄድ የዕድል ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ያ ኮንሶል በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው፤ 512ቱን ለመያዝም ከሚያሳያቸው የከለር ዓይነቶች ግማሹን ይሰዋል። የዴቫናጋሪ ተጣባቂ ቅርጾች ለዚህ አይመቹም፤ ቢገቡም የሚገጣጥማቸው የለም። የእኛ መሠረታዊ የፊደል ገበታ ዛሬ 358 ቁምፊ ነው፤ ከላቲኑ ጋር ተጨምሮ 512 ውስጥ ይገባል። ገብቷልም። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት የኮንሶል ማዘጋጃ ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል የተመደበ ዝርዝር አለ፣ ጎሃና ጎሃ ክላሲክ የሚባሉ ፎንቶችም አሉት። ለሂንዲ የለም። በመቶ ሚሊዮኖች የሚናገሩት ቋንቋ በዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ቦታ አጥቶ አማርኛ ማግኘቱን ሳስብ፣ ለዓመታት ያለ ክፍያ ያንን የሠሩልን ሰዎች ባለውለታነት ይሰማኛል። ዴቢያን ራሱ የህንድ ቋንቋዎችን በመጫኛው ውስጥ ማሳየት የቻለው በሚያዝያ 2007 በወጣው 4.0 እትም ከጽሑፉ ጎን ግራፊካዊ መጫኛ ካዘጋጀ በኋላ ነው።

መጻፉ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ህንድ በ1986 ኢንስክሪፕት የተባለ የኪቦርድ አሰላለፍ ደረጃ አወጣች፤ አናባቢዎች በግራ እጅ፣ ተነባቢዎች በቀኝ እጅ። ከጥቂት ቁልፎች በቀር አንድ ቁልፍ አንድ ኮድ ይሰጣል። ስለዚህ ተርሚናል ውስጥ ለመጻፍ ምንም ተጨማሪ ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ ሊኑክስ ለፈረንሳይኛ ወይም ለሩሲያኛ የሚጠቀምበት ተራ የኪቦርድ ምርጫ ይበቃል። ጥቁሩ ኤክስተርም ላይ እንኳ ኮዱ በትክክል ይገባል፤ የሚበላሸው መታየቱ ብቻ ነው። አንዱን የህንድ ፊደል በኢንስክሪፕት የለመደ ሰው ጣቶቹ ሌላውንም ያውቁታል፤ አሰላለፉ ለሁሉም አንድ ነው።

እኛ ግን ሁለት ምት አንድ ኮድ መሆን ስላለበት መሐል ላይ የሚጠብቅ ፕሮግራም ያስፈልገናል። በሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው አይባስ ወይም ፍሲቲክስ ነው፤ ሁለቱም የአማርኛውን ሕግ ማምጣት የሚችሉት የጃፓን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ካዘጋጁት፣ ኤም17ኤን ከሚባል የአጻጻፍ ክምችት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው አማርኛ የተመሠረተው ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ በቀመሩት «ሴራ» በተሰኘው የላቲን ልውጫ ላይ ነው። የሂንዲው፣ የታሚሉና የማላያላሙ ድምፃዊ አጻጻፍም ከዚያው ክምችት ይወጣል። አንድ ጎተራ ነው የምንጋራው። አይባስ የሌለበት ቦታም ሙሉ በሙሉ ጨለማ አይደለም፤ የኤክስ መስኮት ሥርዓት ራሱ ለአማርኛ ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) የተዘጋጀ የቁልፍ ማጣመሪያ ፋይል ይዟል፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩን አያውቅም።

በስልክ ላይ በተርመክስ (የአንድሮይድ ተርሚናል) የሚሠሩ ወጣቶች በአገራችንም በህንድም ብዙ ናቸው። እዚያ የሚገጥመው ሌላ ነው፤ ተርሚናሉ እያንዳንዱን ምት ወዲያው ስለሚቀበል ቀለም በሁለት ምት የሚያገጣጥም የስልክ ኪቦርድ ሥራውን ሳይጨርስ ፊደሉ ይነጠቅበታል። ከታች ያለውን የተጨማሪ ቁልፎች ረድፍ ወደ ጎን ስትጎትቱት የጽሑፍ ሳጥን ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ ጻፉና ላኩት፤ ፊደሉ ተገጣጥሞ ይገባል።

እንግዲህ ዛሬ የህንድ ፊደል በተርሚናል ማየትና መጻፍ የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሎኬሉን ዩቲኤፍ-8 ያድርግ፤ በራሱ ማሽን ብቻ ሳይሆን በሚገባበት ሰርቨርና በኮንቴይነሩ ውስጥም። ባዶ ኮንቴይነር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሎኬል የለውም፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2.35 እትሙ ጀምሮ የሚደግፈውን C.UTF-8 የተባለ ሎኬል መምረጥ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ዋናውን ፎንት እኩል ስፋት ያለው የላቲን ፎንት አድርጎ ይተወው፤ ኖቶ ሳንስ ዴቫናጋሪ ወይም ሎሂት ሁለተኛ ተጠባባቂ ሆኖ ይግባ እንጂ ዋና አይሁን፤ ዋና ከሆነ ሳጥኑ በእሱ ይለካና የእንግሊዝኛው ፊደል ይበታተናል። ብዙ የሚያነብ ከሆነ ኤምኤልተርምን ጎን ለጎን ይያዝ። ለዕለት ሥራ በቀለም የሚቆጥር አዲስ ተርሚናል ይምረጥ፣ ቲመክሱንም ሼሉንም ያድስ፤ ሦስቱ ቆጣሪዎች በዕድሜ በተቀራረቡ ቁጥር ይስማማሉ። ለኪቦርዱ ኢንስክሪፕት።

ለአማርኛው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው የደረስኩበት። ፊደላችን በዩኒኮድ የስፋት ሕግ አንድ ሳጥን ናት ተብላ ተመዝግባለች፤ ላቲኑ የሚይዘው ያ ጠባብ ሳጥን ማለት ነው። «ጨ»ን፣ «ጧ»ን፣ «ሐ»ን እዚያ ውስጥ ማስገባት ሰፊ ሰው በልጅ ወንበር እንደማስቀመጥ ነው፤ ወይ ይጨመቃሉ፣ ወይ ጎረቤታቸውን ይረግጣሉ። ጂኖም ተርሚናል ከ2018 ጀምሮ የሳጥኑን ስፋት የሚያሰፋ ምርጫ አለው፤ በአላክሪቲና በኪቲም ተመሳሳይ ቅንብር አለ። ሳጥኑን ከ1.2 እስከ 1.4 እጥፍ ስታሰፉት አማርኛው ይተነፍሳል፤ እንግሊዝኛው ትንሽ ይራራቃል፣ ግን ይነበባል።

ከማሳየት ውጭ ያሉ የቆጠራ ስህተቶችም አሉ፤ እነዚህ ለህንዱም ለእኛም እኩል ናቸው። ባሽ በተባለው ሼል ውስጥ የዓምድ ስፋት 10 አድርጋችሁ «ሰላም»ን ብታትሙ 7 ክፍተት መጨመር ሲገባው 1 ብቻ ይጨምራል፤ 3 ፊደል ሳይሆን 9 ባይት ነው የቆጠረው። የዴቢያን ነባር ኦክ (ጽሑፍ የሚያጣራ መሣሪያ) «አማርኛ» ስንት ፊደል ናት ሲባል 12 ይላል፤ የግኑ ኦክ 4 ይላል። ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው) የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል ሲያሳይ እያንዳንዱን ፊደል በ341 የሚጀምር የቁጥር ሰልፍ ያደርገዋል፣ የሂንዲውን በ340፤ ስሙን እንዳለ እንዲያሳይ በቅንብሩ ማዘዝ ያስፈልጋል። እነዚህን አንድ ቀን ተቀምጦ ማስተካከል ይቻላል። የሳጥኑ ጠብ ግን በአንድ ሰው ቅንብር አይፈታም።

መፍትሔ ይዘው የመጡት ሰዎች በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንደኛው ወገን «ሁላችንም በቀለም እንቁጠር» ይላል፤ ተርሚናሉ በቀለም እንደሚቆጥር በአንድ ምልክት ያሳውቃል፣ ፕሮግራሙም ያንን ሰምቶ እንደዚያው ይቆጥራል። ለዚህ የተዘጋጀው ሞድ 2027 የተባለ ስምምነት በጥቂት ተርሚናሎች ውስጥ ገብቷል። በ2023ም ለዩኒኮድ የቴክኒክ ኮሚቴ በተርሚናል ውስጥ ለውስብስብ ፊደላት ተገቢ ድጋፍ እንዲደረግ የሚጠይቅ ሰነድ ቀርቧል። ሁለተኛው መንገድ የኪቲ ተርሚናልና ካሊበር የተባለው የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ፕሮግራም ደራሲ የሆነው ኮቪድ ጎያል በ2025 ያመጣው ነው፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ሲልክ «ይህን በ4 ሳጥን ውስጥ ሳልልኝ» ብሎ ስፋቱንም አብሮ ይልካል። ተርሚናሉ መቁጠር ይቀርለታል፤ በተሰጠው ቦታ ውስጥ አሳምሮ መሳል ብቻ ይሆናል ሥራው።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያው ሁሉም ወገን አንድ ዓይነት የዩኒኮድ እትም እንዲይዝ ይጠይቃል፤ የዩኒኮድ ሕግ ደግሞ በ2023 እንዳየነው ይለወጣል፤ ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨርና ዱባይ ያለው ላፕቶፕ መቼም በአንድ ቀን አይታደሱም። ሁለተኛው ግን ቆጣሪውን አንድ ያደርገዋል። ቢሳሳት እንኳ ሁለቱም በአንድ ስህተት ይሄዳሉ፤ ጠቋሚው አይስትም። ለህንድ ፊደል ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ አንድ ቀለም አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ብቻ ይይዛል የሚለውን ግምት ይሰብራል። አራት ተነባቢ የተጣበቁበት የሳንስክሪት ቀለም በሁለት ሳጥን ውስጥ አይነበብም፤ ሦስት ወይም አራት የሚሰጠው ፕሮግራም ሊኖር ይገባል። ድካሙ ያለው እያንዳንዱ ፕሮግራም ይህን ቋንቋ መማር ስላለበት ነው፤ ሼሉም፣ ቪሙም፣ ቲመክሱም። ያ ዓመታት ይወስዳል።

ይህ መንገድ ከተሳካ ተጠቃሚው ህንድ ብቻ አይደለም። ዛሬ «ጨ» በአንድ ሳጥን ተጨምቃ የምትኖረው መዝገቡ አንድ ስላለ ነው፤ መዝገቡን መለወጥ በዓለም ላይ ያሉትን ነባር ፕሮግራሞች ሁሉ ስለሚያናጋ የሚሞክረው አይኖርም። ፕሮግራሙ ስፋቱን ራሱ መናገር ከቻለ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ለአማርኛ ቃል የሚበቃውን ሳጥን መጠየቅ ይችላል። የህንድ ባለሙያዎች የሚሞክሩት ምሳሌ በዴቫናጋሪና በማላያላም ነው። የኪቲን አዲስ አሠራር በአማርኛ ጽሑፍ መሞከር፣ «ጧ» የት እንደምትቆረጥ በሥዕል አስደግፎ ለአዘጋጆቹ ማሳየት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ሥራ ነው፤ ሰንጠረዡ እንደገና እየተሠመረ ባለበት በአሁኑ ወቅት።